አየር ምን ይይዛል?

የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን ነኝ። ይህ ነገር አንዴ ከአፌ ከወጣ ጨዋታውን የምመርጠው እኔ መሆኔ ያበቃል። ሠርግ ቤት ልሁን፣ ፀጉር ቤት ወረፋ ልጠብቅ፣ ጥያቄው ይከተለኛል። ሞተሩ ቢጠፋስ? አንዱ እብድ ተነስቶ በሩን ቢከፍተውስ? መሃል ላይ የሚያንገጫግጨው ምንድን ነው? አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ እያረፈ፣ ሲመለስ ለምን ቀጥ ብሎ ይመጣል? ሽንት ቤቱስ የት ነው የሚደፋው?

ድሮ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን አልሰለችም። ጥያቄዎቹ ሲጠራቀሙ፣ አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አየር ላይ እንደሚያርፉ ገባኝ። ሰው አውሮፕላን የሚፈራው ምንም ላይ ያልተደገፈ ስለሚመስለው ነው። አየር ግን ክብደት አለው። ይገፋል፣ ይሸከማል፣ ሲጎድልም ያስቸግራል። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አየር ሲጎድል ምን እንደሚያደርግ ደረጃ በወጣን ቁጥር እናየዋለን።

በቅርቡ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ልጃቸው ካናዳ ልትወስዳቸው ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጥተዋል።

«አንተ ልጅ፣ መቼም እዛው ውለህ እዛው ታድራለህ» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ያ ሁሉ ብረት በምን ተይዞ ነው?»

«በአየር ነው እማማ።»

«ወይ ጉድ! አየር ምን ይይዛል?»

«ሚኒባስ ሲበር እጅዎን በመስኮት አውጥተው ያውቃሉ?»

«ወያላው ይለቀኛል እንዴ!»

ለማንኛውም ነገሩ እንዲህ ነው። እጅን ዘርግቶ መዳፍን በትንሹ ቀና ማድረግ ነው። መኪናው ሲያዘግም ምንም የለም። ሲፈጥን እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይነሳል፤ ወደ ታች ለመመለስ መታገል ያስፈልጋል። የክንፍም ሥራ ይኸው ነው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፣ አየሩ መልሶ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋል። ብዙ ሰው አውሮፕላኑን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለዋል። ሞተሩ ወደ ፊት ነው የሚገፋው። ማንሳት የክንፉ ድርሻ ነው። በሰዓት ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ቶን ከመሬት ይላቀቃል።

እማማን ከዚህ ሁሉ የገረማቸው አየር ይመዘናል መባሉ ነው። ይመዘናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ ያው መጠን ወደ 900 ግራም ይወርዳል። ሩቡ የለም ማለት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ከዓለም ትላልቅ ኤርፖርቶች መካከል በከፍታው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

የአሜሪካው ጥያቄ መልስ እዚህች ሩብ ውስጥ አለ። ቦሌ ላይ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ቀጭን ነው። ሞተሩ የሚስበው አየርም ቀጭን ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌው ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። ግን ማኮብኮቢያውን የፈለገውን ያህል ቢያስረዝሙት ጎማው ጣሪያ አለው። የአውሮፕላን ጎማ ከዚህ ፍጥነት በላይ አትሂድ ተብሎ የተወሰነለት ነው። ስለዚህ የሚቀረው ክብደት መቀነስ ነው። ሰውና ጭነት ከሞላ የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ነዳጅ ከተቀነሰ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የዋሽንግተን መንገድ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አይቻልም። ለዓመታት ደብሊን ላይ ቆሞ ሲሞላ የነበረው ለዚህ ነው።

ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። አየሩ ወፍራም ነው። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ሻንጣውንም ሰውንም ጭኖ ይነሳል። እላይ ሲደርስ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። 13 ሰዓት ገደማ በሮ ቦሌ ከች ይላል።

ይህ የከፍታ ጣጣ የኖረ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ ያረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስታ ነው እዚህ ቀጭን አየር ውስጥ የገባችው። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹ፣ ሲመጡ የልደታው የአውሮፕላን ሜዳ አልበቃቸውም። ቦሌ የተሠራው ለእነሱ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ስለታቀደው አዲስ ኤርፖርት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስፋቱ ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ መሆኑ ነው። በርካታ መቶ ሜትር ዝቅ ማለት ለኛ ለቴክኒሽያኖች ከተርሚናሉ እብነ በረድ ይበልጣል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። «እዛ ላይ አየር የለም ይባላል፣ ታዲያ በምን እንተነፍሳለን?» የሚል ጥያቄ አለ። ውጪ ያለው አየር በጣም ቀጭን ስለሆነ ታምቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ግን ባሕር ጠለል ላይ ያለውን ያህል አይታመቅም። የአውሮፕላኑን ቀፎ ያን ያህል መንፋት ክብደት ያስከፍላል። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ይሳሳል። ቦይንግ 787 ድሪምላይነርና ኤርባስ 350 ላይ ግን ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ባሕር ዳር ከተማ ያለችበት ከፍታ ማለት ነው።

እስቲ ይህን ረጋ ብላችሁ አስቡት። ከቦሌ በድሪምላይነር ተነሳችሁ እንበል። አውሮፕላኑ ወደ 12 ሺህ ሜትር ይወጣል። የእናንተ ሰውነት ግን ወደ ባሕር ዳር እየወረደ ነው። እላይ ሰማይ ላይ የምትተነፍሱት አየር ቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ ስትጠብቁ ከምትተነፍሱት ይወፍራል። እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰውማ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከማንኛውም ተሳፋሪ ባነሰ አየር ነው ቀን ከሌት የሚኖረው። አንድ የእንጦጦ ወዳጄ አውሮፕላን ውስጥ አየር ያጥረኛል ብሎ ፈርቶ ሁለት ዓመት ጉዞ አዘግይቷል። ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ተናደደ።

የጆሮ ሕመምም ከዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ወይም ጂዳ የሚሄዱ ልጆች ሲያርፉ ጆሯቸው ሊፈነዳ እንደደረሰ ይነግሩኛል። ወደ ቦሌ ሲመለሱ ግን ያን ያህል አይሰማቸውም። ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ አየሩ በብዙ ይወፍራል፤ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ቶሎ አይስተካከልም፣ ስለዚህ ይጫናል። ቦሌ ሲያርፍ ግን ውስጥ ያለው አየር ቀድሞውንም ከአዲስ አበባው ብዙ አይለይም። ማስቲካ ማኘክ፣ ከረሜላ መምጠጥ፣ ማዛጋት፣ መዋጥ ነው መድኃኒቱ። ሕፃን ሲሆን ጡት ወይም ጡጦ። መውረድ ሲጀምር ጎረቤት ወንበር ላይ ሕፃን ካለቀሰ እናቲቱን አታፍጥጡባት። ልጁ ጆሮውን አሞት ነው።

በላስቲክ የውሃ ጠርሙስ መሞከር ይቻላል። ሰማይ ላይ ጠጥታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ዱባይ ስታርፉ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። በድሪምላይነር ቦሌ ስታርፉ ግን እንደውም በትንሹ ተነፍቶ ይጠብቃችኋል።

የበሩ ጉዳይም ይኸው ግፊት ነው። አውሮፕላኑ ከፍታው ላይ ሲደርስ ውስጥ ያለው አየር በሩን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ5 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። አብዛኛው በር ደግሞ የተሠራው ይህ ግፊት ከመቃኑ ጋር ይበልጥ እንዲያጣብቀው ተደርጎ ነው። እብድም ይሁን ጠጪ፣ ስፖርተኛም ቢሆን አይከፍተውም። ሊከፈት የሚችለው መሬት ሲቃረብ ግፊቱ ሲጠፋ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከመሬት 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳለ፣ በሩን ከፍቶታል። አውሮፕላኑ በሩ ተከፍቶ አረፈ። የሞተ ሰው የለም።

መንገጫገጩን በተመለከተ፣ «ኤር ፖኬት ገባን» የሚባለውን ነገር ብንተወው ደስ ይለኛል። አየር ውስጥ ጉድጓድ የለም። ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ አየር አለ፣ በየመሃሉ ስናልፍ ያንገጫግጨናል። በበጋ ቀትር ላይ ቦሌ ስታርፉ የሚንጣችሁ ፀሐይ ያጋለችው መሬት አየሩን ወደ ላይ ስለሚሰደው ነው። ሆድ መቶ ሜትር የወደቀ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተወረደው ጥቂት ሜትር ነው። ክንፉ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ሊሰበር ነው ይላል። እኔ የማይወዛወዝ ክንፍ ባይ ነው የምፈራው። ክንፍ በሥራ ዘመኑ ሊገጥመው ይችላል ከተባለው ከፍተኛ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ መቻሉ ሳይፈተሽ ፈቃድ አያገኝም። በነገራችን ላይ ነዳጁ በአብዛኛው ያለው እዛው ክንፍ ውስጥ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ወንበር መቀየር ያምራቸዋል።

በመንገጫገጭ ሰው የሚጎዳው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን ምያንማር ላይ ክፉኛ ተንጦ አንድ ተሳፋሪ ሞቷል፣ በርካቶች ከጣሪያው ጋር ተጋጭተው ቆስለዋል። አውሮፕላኑ ግን ባንኮክ በሰላም አረፈ። መብራቱ ጠፋ ብላችሁ ቀበቶ አትፍቱ። ላላ አድርጋችሁ ተኙበት።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ፎቶ ተያይዞ በቴሌግራም የሚመጣው ነው። «ወንድሜ፣ ክንፉ በፕላስተር ተለጥፏል! ልውረድ?» ፎቶው ላይ ብርማ ቀለም ያለው ጥፍጥፍ ነገር ይታያል። ስኮች አይደለም። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ለዚሁ ሥራ የተፈቀደ፣ ዋጋውም ቀልድ ያልሆነ ጥቅል ነው። ድሪምላይነር ላይ ክንፉ በፀሐይ ብርሃን ምክንያት ቀለሙ ይላጣል። ሙሉ ቀለም እስኪቀባ ድረስ የተላጠችውን ቦታ እንሸፍናለን። ከመለጠፉ በፊት ቦታው ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ጠርዙ አየር እንዳያገኝበት በፕላስቲክ መፋቂያ ተደጋግሞ ይታሻል፣ ከዚያ መዝገብ ላይ ይፈረማል። ሌሊት በቦሌ ብርድ፣ ጣት ደንዝዞ፣ ያችን ጠርዝ ማስተኛት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፕላስተሩ ክንፉን አልያዘውም። ቀለም ነው የሸፈነው።

የክንፉ ጫፍ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ዘንጎችስ? አውሮፕላኑ ሲበር ከአየር ጋር እየተፋተገ የሚያጠራቅመውን ኤሌክትሪክ የሚያራግፉ ናቸው። መብረቅ ሲመታ ሌላ ነገር ነው። አንድ አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንዴ ገደማ ይመታል። ኤሌክትሪኩ በውጪው ቀፎ ላይ ሮጦ ይወጣል። ቀፎው ከብረት ያልሆነ ድሪምላይነር ላይ ቀጭን የብረት መረብ ተቀብሮለታል። ተሳፋሪው ብልጭታና ድምፅ ይሰማል፤ እኛ ደግሞ ሲያርፍ የገባበትንና የወጣበትን ነጥብ በባትሪ እንፈልጋለን።

ሞተሩ ቢጠፋስ? አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይበራል፤ ፈቃድ የሚያገኘው ይህን አሳይቶ ነው። ሁለቱም ቢጠፉ ወዲያው ወደ ታች አይጣልም፣ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የካናዳ ኤርባስ አትላንቲክ ላይ ነዳጅ ጨርሶ 19 ደቂቃ ገደማ ያለ ሞተር በሮ አዞረስ ደሴቶች ላይ አርፏል። ሁሉም ተረፉ።

የእኛው ታሪክ ግን እንዲህ አላበቃም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ነገራቸው፤ አላመኑትም። ነዳጁ አለቀ። ኮሞሮስ ዳርቻ፣ ባሕሩ ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት መካከል ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አንሳፈፋቸው፤ ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አቃታቸው። ሆስተሷ በፈገግታ «ከአውሮፕላኑ ከመውጣትዎ በፊት አይንፉት» ስትል ስልኩን የሚያሻሽ ሰው ሳይ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ። የዚያችን ዓረፍተ ነገር ዋጋ እኛ ሀገር ከማንም በላይ እናውቃለን።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁኝም አለ። «ማክስ ነው እንዴ?» ቦይንግ 737 ማክስን ማለታቸው ነው። ይህን በሚጠይቅ ሰው አልስቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ወደ ናይሮቢ የተነሳው 302 በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰው ይዞ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ጥቅምት ላይ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው ሞቶ ነበር። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ ታች የደፋቸው፣ የአንዲት ሴንሰር ንባብ ብቻ አምኖ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ፓይለቶች ስለ መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። አየሩ በደህና ነበር፤ ክንፉም፣ ሞተሩም። ሰው ቢሮ ውስጥ የወሰነው ውሳኔ ነው የገደለው። አውሮፕላኑ በዓለም ዙሪያ ከ20 ወር ገደማ እገዳ በኋላ ተስተካክሎ ተመለሰ፤ እኛ ጋ በ2014 ዓ.ም.። አሁን ሁለት ሴንሰሮችን ያነጻጽራል፣ አፍንጫውንም ደጋግሞ አይደፋም፣ ፓይለቱም ሠልጥኖበታል። እኔ ተሳፍሬበታለሁ። ያልተሳፈረ ዘመድ አለኝ፤ አልከራከረውም።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሽንት ቤቱ ሰማይ ላይ አይደፋም። አየር ስቦ ወደ ታንከር ይወስደዋል፣ ሲያርፍ መኪና መጥቶ ይቀዳዋል። ሌሊት ሲነሳና ሲያርፍ መብራት የሚደበዝዘው ድንገት መውጣት ቢያስፈልግ ዓይናችሁ ጨለማውን ቀድሞ እንዲለምድ ነው። የመስኮቱ መስታወት ላይ ያለችው ጥቃቅን ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ግፊቱን የውጪው መስታወት ብቻ እንዲሸከም ታደርጋለች፣ ጉምም ትቀንሳለች። ምግቡ ጨው የሌለው የሚመስለው አየሩ ደረቅ ስለሆነ አፍንጫ ስለሚደርቅና ጫጫታውም ስላለ ነው። በርበሬ ግን እዛም በርበሬ ነው።

በርበሬ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ከአየር ጋር ግንኙነት የለውም። ኪሎ ነው። ቲኬት ቆራጭ ይመስል «አንድ ሰው አናግርልኝ» እባላለሁ። አክስቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ባለፈው ልትመለስ ስትል ሻንጣዋን ቤት ውስጥ መዘንነው። የተፈቀደው 23፣ የሷ 29። ስለ ቦሌ ከፍታ፣ ስለ ቀጭኑ አየር፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ነዳጁ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ጥሩ አድርጋ ሰማችኝ።

«እና ስድስት ኪሎ ሽሮ ነው አውሮፕላን የሚያቆመው?»

«አክስቴ፣ ሁሉም ሰው ስድስት ስድስት ቢጨምር እኮ…»

ሽሮውን ከሻንጣው አወጣችው። ከዚያ በእጅ ቦርሳዋ ከታች ደልድላ፣ ጋቢ ጣል አድርጋበት፣ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላው ወጣች። ለአውሮፕላኑ ያው ስድስት ኪሎ ነው።